በቤታችሁ የታጋይ ዘመድ ወረቀት ካለ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአጎቴን የቆርቆሮ ሻንጣ ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ካመጣሁ ወዲህ፣ እንዲህ ዓይነት ሻንጣ ቤታቸው ያለ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

የታጋይ ወረቀት ሲባል ምን ምን ይጨምራል?

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በተማሪው እንቅስቃሴ፣ በእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ በመምህራን ማኅበር፣ በገበሬ ማኅበር ወይም በኅቡዕ ፓርቲ ውስጥ ከታች ሆኖ የሠራ ሰው ትቶት የሄደው ወረቀት ሁሉ ነው። ደብዳቤ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የደመወዝ ወረቀት የግሉ ናቸው። ቃለ ጉባኤ፣ የመዋጮ ዝርዝር፣ በራሪ ወረቀት፣ የውይይት ክበብ ጥያቄዎች፣ በስቴንስል የተባዛ የፓርቲ ልሳን ደግሞ የድርጅቱ ናቸው።

በተግባር ግን ሁለቱ ይደባለቃሉ። አጎቴ መምህር ነበር። የውይይት ክበባቸውን ቃለ ጉባኤ የጻፈው በተማሪዎች የሒሳብ ፈተና ጀርባ ላይ ነው። ወረቀት ውድ ነበር፤ ከዚያም በላይ የፈተና ወረቀት የሚጠረጥር ሰው አልነበረም።

ዘመዴ ታዋቂ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ማን ይፈልገዋል?

ብዙ ሰው ይፈልገዋል። የታዋቂዎቹ ታሪክ ተጽፏል። የድርጅት መሪዎች ትዝታቸውን አሳትመዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረውም ክርክር በደንብ ይታወቃል። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ዓለም ከተማ ወይም ደብረ ሲና ላይ አንድ መምህርና አምስት ተማሪ ማታ በኩራዝ ምን ያነቡ እንደነበር ግን የሚነግረን የለም። ያ የሚገኘው እናንተ አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ተማሪዎች በየካቲት 1957 "መሬት ላራሹ" ብለው ሰልፍ ሲወጡ በዋናነት የሚያስቡት የደቡቡን ጭሰኛ ነበር። የመንዝ ገበሬ ግን አብዛኛው በአባቱ ርስት የሚኖር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ፣ ለመንዝ ገበሬ "መሬትህ የሕዝብ ሆነ" ማለት ለአርሲ ጭሰኛ ከመናገር ጋር አንድ አልነበረም። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት ወደ 60,000 ከሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አንዱ እዚህ አገር ተመድቦ፣ ሽማግሌዎቹ የጠየቁትንና እሱ የመለሰውን በደብተሩ ጽፎ ከሆነ፣ ያ ደብተር ወርቅ ነው።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ትልቁ የአክራሪ ፖለቲካ ስብስብ የተጀመረው፣ ጆ ላባዲ የተባለ የዲትሮይት የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ በ1911 እ.ኤ.አ. ቤቱ ያጠራቀመውን በራሪ ወረቀትና ደብዳቤ ስለሰጠ ነው። ሰውየው ሚኒስትርም ጄኔራልም አልነበረም።

ሻንጣውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ምንም አትንኩ። እንዳለ ፎቶ አንሡት። ከላይ ያለውን፣ ከዚያ ሥር ያለውን፣ እያንዳንዱን ጥቅል ከነክሩ አንሡ። የወረቀቶቹ አቀማመጥ ራሱ ይናገራል። ዘመዳችሁ የትኛውን ከየትኛው ጋር እንዳሰረ፣ የትኛውን ከሥር እንደደበቀ ያሳያል።

ይህን የምለው ስለተጎዳሁበት ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ፖስታዎቹን "ባዶ ናቸው" ብዬ ጣልኩ። በኋላ ደብዳቤዎቹን ሳነብ አብዛኞቹ ቀንም ቦታም የላቸውም። የፖስታ ቤቱ ማኅተም የነበረው በጣልኳቸው ፖስታዎች ላይ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከፎቶው በኋላ ለእያንዳንዱ ጥቅል ቁጥር ስጡ። ቁጥሩን በእርሳስ፣ በወረቀቱ ጥግ ላይ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ በፍጹም አትጠቀሙ። ከዚያ በአንድ ደብተር ላይ "ጥቅል 1፦ 14 ደብዳቤ፣ ሰማያዊ ክር" እያላችሁ መዝግቡ። ማውጫ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

የግሉንና የድርጅቱን ለየብቻ ባስቀምጥ አይሻልም?

አይሻልም። ለእኅቱ የጻፈው ደብዳቤ ውስጥ የመዋጮ ደረሰኝ ካለ፣ እዚያው ይቆይ። ምናልባት ገንዘቡን ያደርሱ የነበሩት እኅቱ ናቸው። ለይታችሁ ስታስቀምጡ ያ ግንኙነት ይጠፋል፤ መልሶ የሚያገናኘው ሰውም አይኖርም።

በማውጫው ላይ ግን መለየት ትችላላችሁ። ከመግለጫው ጎን "የግል" ወይም "የድርጅት" ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ካለበት ሳይነሣ ፈላጊው ያገኘዋል።

ቤት ውስጥ የት ይቀመጥ?

እንደ አገሩ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበርና መንዝ ብርዱ ለእኛ ቢከብደንም ለወረቀት ይስማማዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ምስጥም እንደ ቆላው አያስቸግርም። የደጋው ጠላት የክረምት እርጥበትና የምድጃ ጭስ ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት፤ ከማድ ቤት አርቁት፤ መሬት ላይ አታስቀምጡት።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ግን ሌላ ነገር ነው። ሙቀቱ ወረቀቱን ያደርቀዋል፤ ምስጡ በአንድ ክረምት ሻንጣ ሙሉ ይጨርሳል። እዚያ ያላችሁ ወረቀቱን በብረት መደርደሪያ ላይ አድርጉ፤ በየወሩም ክፈቱና እዩ። ከተቻለ ደጋ ላለ ዘመድ በአደራ ስጡ። ነፍሳት ካያችሁ ፍሊት አትርጩበት። የተበላውን ከሌላው ለይታችሁ በብሩሽ አራግፉት።

የዘመኑ ወረቀት በተፈጥሮው ደካማ ነው። ብራና 500 ዓመት ይቆያል፤ በስቴንስል የሚባዛበት ርካሽ ወረቀት ግን ከእንጨት የተሠራና አሲድ ያለበት ስለሆነ በራሱ ጊዜ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል። ፀሐይ ያባብስበታል። ጥሩ የካርቶን ሳጥንና ጨለማ ቦታ ብዙ ዕድሜ ይጨምሩለታል። በባና አትጠቅልሉት፤ ሱፍ ብል ይጠራል።

የተቀደደውን በፕላስተር ላጣብቀው? ላሚኔት ላስደርገው?

ሁለቱንም አታድርጉ። የፕላስተሩ ሙጫ ከዓመታት በኋላ ይጠቁርና ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ላሚኔሽን ደግሞ ሙቀት ነው፤ አንዴ ከተደረገ መመለሻ የለውም። ቁርጥራጮቹን በአንድ ንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አስቀምጡና ተዉአቸው። የዛገ አግራፍና ስፒል ካለ ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ግን አብረው የነበሩትን ገጾች በታጠፈ ወረቀት አቅፋችሁ አንድ ላይ አቆዩ።

ቀኖቹ ግራ አጋቡኝ። 1967 ነው 1974?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። እዚህ አገር የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። አውሮፓና አሜሪካ ከነበሩ ተማሪዎች የመጣው ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ በፈረንጁ መስከረም 1974። ስለዚህ "1974" የሚል የበርሊን ደብዳቤና "1967" የሚል የደብረ ብርሃን ደብዳቤ የአንድ ወር ጓደኛሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7 ዓመት ገደማ ነው፤ ከጥር በኋላ 8 ይሆናል። ማውጫችሁ ላይ ወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉ፤ ቅያሪውን በቅንፍ።

ቀን የሌለውን በራሪ ወረቀት በቃላቱ መገመት ይቻላል። "ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም" የሚል ከሆነ የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) ወገን ነው። ለደርግ "ሂሳዊ ድጋፍ" የሚል ከሆነ መኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) ነው። ኢሕአፓ "ዴሞክራሲያ" የሚል ልሳን ነበረው፤ መኢሶን ደግሞ "የሰፊው ሕዝብ ድምፅ"። "አንጃ" (ከድርጅቱ የተገነጠለ ቡድን) የሚለው ስድብ ከበዛ፣ በድርጅቱ ውስጥ መከፋፈል ከመጣ በኋላ የተጻፈ መሆኑ ነው። ግምታችሁን ግን "ግምት" ብላችሁ መዝግቡ።

ስሞቹን አላውቃቸውም። የትግል ስም ይሆኑ?

ብዙዎቹ ይሆናሉ። በኅቡዕ የሚሠራ ሰው በእውነተኛ ስሙ አይፈርምም። አንድ ሰው ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ስምም ሁለት ሰው ተጠቅሞበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስም ሲገጥማችሁ ቶሎ "ይህማ እገሌ ነው" አትበሉ።

ጥሩው መንገድ የእጅ ጽሕፈት ማስተያየት ነው። የ"ሐ" እና የ"ሀ" አጻጻፍ፣ የአራት ነጥብ አጣጣል ሰውን ይለያል። ሁለተኛው መንገድ በሕይወት ያሉትን መጠየቅ ነው። ስትጠይቁም ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ትዝ የሚለው ስሙ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የአጎቴ ጓደኛ የነበሩ አንድ አዛውንት ስም ስጠይቃቸው ዝም አሉኝ። ደብተሩን ሳሳያቸው ግን የቡናውን ጠብታ አይተው "ይቺን ያፈሰስኳት እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያ ማታውን ሁሉ አወሩልኝ።

በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበቃል?

ምንም ከማጣት ይሻላል፣ በጣም። ቀን ላይ፣ በመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ አንሡ። ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። አራቱም ጠርዝ ይታይ፤ ጀርባውም ባዶ ቢሆን ይነሣ። ስካነር ካገኛችሁ ጥራቱን 300 ዲፒአይ ላይ አድርጉት።

ፎቶውን በቴሌግራም ስትላላኩ በ"ፋይል" መልክ ላኩ። ዝም ብሎ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል፤ የደበዘዘ ካርቦን ኮፒ ከዚያ በኋላ አይነበብም። ሁለት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱ ሃርድ ዲስክ እናንተ ጋ፣ ሌላው ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። ፍላሽ ላይ ብቻ አትመኑ። ፎቶ ስላነሣችሁም ዋናውን አትጣሉ። የወረቀቱ ዓይነት፣ የማኅተሙ ጉድጓድ፣ ከሥር የተሰረዘው ቃል በፎቶ አይታይም።

ለተቋም ብሰጥስ? የት ልሂድ?

አማራጭ አለ። መነሻው በ1936 ዓ.ም. የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት የሆነው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዲስ አበባ አለ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ተመራማሪው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ወረቀቱ ከእስር ወይም ከግድያ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። እዚሁ አጠገባችን ደግሞ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ። እኔ በግሌ የሰሜን ሸዋ ወረቀት፣ ቢያንስ ቅጂው፣ እዚሁ ቢቀር ደስ ይለኛል። የሞላሌ ተማሪ ስለ ሞላሌ ለማንበብ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ የለበትም።

የትም ብትሰጡ በቃል አትስጡ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ጋ 2 ፎቶ በአደራ ትቼ፣ ስመለስ የሚያውቅልኝ ሰው አጣሁ። ደረሰኝ አልነበረኝም። ስለዚህ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። አንደኛ፣ ስንት ሳጥን፣ ስንት ጥቅል እንደተረከቡ። ሁለተኛ፣ የትኛው ክፍል እስከ መቼ ለአንባቢ ዝግ ሆኖ እንደሚቆይ። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ ቅጂ የማግኘት መብት እንዳለው። "ይህን አንፈልግም" ብለው የሚመልሱት ነገር ካለ እንዳይጥሉት፣ ለእናንተ እንዲመልሱም አስጽፉ።

ወረቀቱ የእኔ ነው። ፌስቡክ ላይ ብለጥፈውስ?

ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ ቃሉ ግን የጻፈው ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የጸሐፊውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዘመዳችሁ ራሱ የጻፈውን ወራሾቹ ተስማምተው ሊያወጡት ይችላሉ። ለእሱ የተጻፈለትን ደብዳቤ ግን የላኪው ወገን ፈቃድ ያስፈልገዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ምስጢርነት ያለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው፣ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጽ ይከለክላል።

ከሕጉ ሌላ የሰው ፊት አለ። በወረቀቱ ላይ ስማቸው ከተጠራው ብዙዎቹ አሁንም በየከተማው በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸው ከእናንተ ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ።

የሚያጋልጥ ነገር ባገኝስ? የአባላት ዝርዝር፣ የምርመራ ቃል፣ የጠቋሚ ስም?

ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው። እኔም ደርሶብኛል። በአጎቴ ደብተር ውስጥ ሰፈራችን የሚታወቁ የአንድ ሰው ስም አለ፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት። ሌላ ምንም የለም። ያ የጥያቄ ምልክት ምን እንደነበር አጎቴ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

በዚያ ዘመን ጥርጣሬ በየቤቱ ነበር። ሰው ተገርፎ ስም ይጠራል፤ ያልበደለውን ይጠራል። ድርጅት ከድርጅት ይጣላል፤ በአንዱ ወረቀት ላይ "ባንዳ" የተባለው በሌላው ላይ ጀግና ነው። ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ያለ ስም ማስረጃ አይደለም፤ ፍንጭ ነው። ማስረጃ የሚሆነው ከሌሎች ወረቀቶችና ከምስክር ጋር ሲገናኝ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን ባለሥልጣናት ሲከስስ፣ ከምስክሮቹ ጋር ያቀረበው ራሱ የደርግ መንግሥት የጻፋቸውንና የፈረመባቸውን ሰነዶች ነበር። ፍርዱ እስኪሰጥ እስከ ታኅሣሥ 1999 ድረስ ዓመታት ፈጅቷል። እኛ በአንድ ማታ በሻይ ጠረጴዛ ላይ ልንፈርድ አንችልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አትቅደዱት። አታቃጥሉት። ለማንም አታሳዩት። ለብቻው ፖስታ ውስጥ አሽጉት፤ ከነበረበት ቦታ ላይ "ከዚህ አንድ ገጽ ተነሥቶ በፖስታ 3 ተቀምጧል" የሚል ወረቀት ተኩ። ለተቋም ስትሰጡ ለ30 ወይም ለ50 ዓመት ዝግ ይሁን በሉ። እኔ ያንን ገጽ ስማቸው ያለው ሰውና ልጆቻቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ዝግ እንዲሆን ጽፌበታለሁ።

እናቴ "አቃጥሉት" ትላለች። ምን ልበላት?

አትቆጧት። እሷ አሰሳ፣ የቤት ለቤት ፍተሻ፣ አይታለች። በ1969 እና በ1970 አንድ በራሪ ወረቀት ቤት ውስጥ መገኘቱ ሰው ያስገድል ነበር። እናቶች መጽሐፍ ምድጃ ውስጥ ከተቱ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉ፣ ጓሮ ቀበሩ። ልጃቸውን ለማዳን ነው። የእኛ ሻንጣ የተረፈው አያቴ ጎታ ውስጥ፣ ከገብሱ ሥር ስለቀበረችው ነው። እስከ ዛሬ አንዳንዱ ገጽ መካከል ገለባ ይገኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ አንድ ደብዳቤ አንብቡላት። የፖለቲካውን ተዉት፤ ለቤተሰብ የጻፈውን አንብቡ። የእኔ እናት "አቃጥሉት" ማለት ያቆመችው፣ ወንድሟ በበዓል ቀን የላከላትን ደብዳቤ ስትሰማ ነው። ጫማ ልኬልሻለሁ ይላል፤ ቁጥሩ ካልሆነ ለእኅትሽ ስጪያት ይላል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ለማየት ራሷ ጠየቀች።

እኛ ቤት ሁሉም ተቃጥሏል። ምን ቀረ?

የተቃጠለውን የሚያስታውስ ሰው ካለ፣ ብዙ ቀርቷል። ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ቅረጹ። "ታሪኩን ንገሩኝ" አትበሉ፤ ያ ጥያቄ ሰውን ዝም ያሰኛል። "ምን ዓይነት ወረቀት ነበር? ማን አመጣው? የት ነበር የምትደብቁት? የተቃጠለው ዕለት ማን ነበር?" በሉ። በቀረጻው መጀመሪያ ላይ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን አስገቡ፤ ለማን ሊሰማ እንደሚችልም ራሳቸው ይናገሩ።

ሌላም ቦታ ፈልጉ። ዘመዳችሁ ደብዳቤ ከጻፈ፣ የተቃጠለው እሱ የተቀበለው ነው። እሱ የላከው ሌላ ሰው ቤት ሊኖር ይችላል። የድሮ ፎቶዎችን ጀርባ እዩ። የጸሎት መጽሐፍ ገጾችን ገልጡ። እኛ ከሁሉም ትልቋን ደብዳቤ ያገኘናት አያቴ ካረፈች በኋላ፣ በዳዊቷ ማኅደር ውስጥ ተጣጥፋ ነው።